የወላጆች ግሩፕ አድሚን ለሆናችሁ፦ ከመግቢያው በር እስከ ሌሊቱ ጥያቄ

የወላጆች ግሩፕ ከሌላው ግሩፕ ይለያል። እግር ኳስ ግሩፕ ውስጥ ሰው ቢሰዳደብ ጨዋታው ሲያልቅ ይረሳል። የመኪና ግሩፕ ውስጥ የተሳሳተ ምክር ቢሰጥ ገንዘብ ያስወጣል። ወላጆች ዘንድ ግን ጠያቂው እንቅልፍ አጥቷል፣ ፈርቷል፣ ውስጡም «ጥሩ ወላጅ አይደለሁም ማለት ነው?» የሚል ሐሳብ ይመላለሳል። አንዲት ክፉ ኮሜንት አንጀቱን ትቆርጠዋለች። የተሳሳተ ምክር ደግሞ የሚያርፈው ግሩፑ ውስጥ በሌለ፣ «ኧረ እኔን ጠይቁኝ» ማለት በማይችል ሰው ላይ ነው። በልጁ ላይ።

ስለዚህ የአድሚን ሥራ ሥርዓት ማስከበር ብቻ ነው ብዬ አላምንም። እኔ የምይዘው መለኪያ አንድ ነው፦ ዛሬ የወሰንኩት ነገር፣ ዝም ብሎ የሚያነብ ሌላ ወላጅ ነገ ደፍሮ እንዲጠይቅ ያደርገዋል ወይስ አፉን ያስይዘዋል? አብዛኛው አባል አይጽፍም፤ ያነባል። አንዷ ጠያቂ እንዴት እንደተስተናገደች አይቶ ነው የራሱን ጥያቄ የሚያወጣው ወይም የሚውጠው።

ደረጃ 1፦ ለማን እንደሆነ ወስኑ፣ መድረኩን ከዚያ ምረጡ

«ለወላጆች በሙሉ» የተባለ ግሩፕ ብዙ ጊዜ ለማንም አይሆንም። የአራስ እናት ጥያቄና የ15 ዓመት ልጅ አባት ጥያቄ ሲደባለቁ ሁለቱም ይሰለቻሉ። የልጆቹን ዕድሜ ወይም የጋራ ጉዳይ ምረጡ፦ ከ0 እስከ 2 ዓመት፣ መንታ ልጆች፣ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች፣ ብቻቸውን የሚያሳድጉ ወላጆች። ግሩፑ ካደገ በኋላ ማስፋት ቀላል ነው። ማጥበብ ግን ጠብ ያመጣል።

መድረኩን ስትመርጡ ስለ ብዛት ብቻ አታስቡ። ቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200,000 አባል ይይዛል፤ ዋትስአፕ ግሩፕ እስከ 1,024። ግን ዋናው ልዩነት እዚያ አይደለም። ዋትስአፕ ግሩፕ ውስጥ አባላት አንዱ የሌላውን ስልክ ቁጥር ያያሉ። ለሚተዋወቁ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች ይህ ችግር የለውም። ስለ ትዳሯ ወይም ስለ ልጇ ምርመራ ውጤት ልትጠይቅ ለምትፈልግ እናት ግን ትልቅ ችግር ነው። ቴሌግራም ላይ ቁጥርን መደበቅ ይቻላል፤ ጥያቄዎችን በርዕስ የሚለይ ቶፒክስ የሚባል አማራጭም አለው። ፌስቡክ ላይ ደግሞ ግሩፑን ፕራይቬት ማድረግና አባላት ስማቸው ሳይታይ እንዲጠይቁ መፍቀድ ይቻላል። እንግዳ ለእንግዳ የሚገናኝበት ግሩፕ ከሆነ ዋትስአፕን ባትመርጡ እመክራለሁ።

ደረጃ 2፦ በሩ ላይ ቁሙ

ብዙ አድሚኖች ሊንኩን በየቦታው ይለጥፉና በኋላ ያለቅሳሉ። የወላጆች ግሩፕ ሦስት ዓይነት ያልተጋበዘ እንግዳ ይስባል። ሻጭ፣ አጭበርባሪ፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ለልጆች ፎቶ የሚመጣ ሰው። ሦስተኛው አይናገርም፣ አይጣላም፣ ደንብ አይጥስም። ዝም ብሎ ያወርዳል። በሩ ላይ ካልተያዘ ውስጥ ገብቶ አይያዝም።

በሦስቱም መድረኮች ገቢው በአድሚን እስኪፈቀድለት እንዲጠብቅ ማድረግ ይቻላል። አብሩት። ፌስቡክ እስከ 3 የመግቢያ ጥያቄ ያስጠይቃል፤ ቴሌግራም ላይ አመልካቹን በውስጥ መስመር አናግሩት። ጥያቄያችሁ ወላጅ ያልሆነ ሰው በቀላሉ የማይመልሰው ይሁን። «ልጅ አለህ?» ብትሉ ሁሉም «አዎ» ይላል። «በአሁኑ ሰዓት ከልጅህ ጋር በጣም ያስቸገረህ ነገር ምንድን ነው?» ብትሉ እውነተኛ ወላጅ ሦስት መስመር ይጽፋል። አስመሳዩ «ምንም» ይላል ወይም ይጠፋል። ትናንት የተከፈተ፣ ፎቶም ታሪክም የሌለው አካውንት ከሆነ ደግሞ ቆም በሉ።

ቴሌግራም ላይ ግሩፑ ከፍ ሲል የአባላቱን ዝርዝር ከሌላው መደበቅ ይቻላል። ይህን ማብራት አትርሱ። ስፓመሮች ስም የሚለቅሙት ከዚያ ነው።

ደረጃ 3፦ ደንቡን አሳጥሩት

ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም። 20 አንቀጽ ያለው ደንብ የሚያነበው አድሚኑ ብቻ ነው። አምስት ወይም ስድስት ይበቃል። ግን እያንዳንዱ የሚታይና የሚያዝ ድርጊት ይሁን። «እንከባበር» የሚለው ደንብ አይደለም፤ ምኞት ነው። ተሳዳቢውም ራሱን አክባሪ ነኝ ብሎ ነው የሚያስበው። በእሱ ፈንታ «ጠያቂውን ‹ለምን እንዲህ አደረግህ› ብሎ መውቀስ ክልክል ነው» ብላችሁ ጻፉ። አሁን ለመለየት ክርክር አያስፈልግም።

እኔ ብሆን የምጽፋቸው እነዚህ ናቸው፦

– የተጠየቀውን መልሱ፤ ጠያቂውን አትውቀሱ።
– «እኔ እንዲህ አደረግኩ» በሉ፤ «እንዲህ አድርጊ» አትበሉ።
– የመድኃኒት መጠን አይጻፍም፤ «ልክ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅም አይቻልም።
– የልጅ ሙሉ ስም፣ ትምህርት ቤት፣ አድራሻና ልብሱን ያወለቀ ፎቶ አይለጠፍም።
– እዚህ የተጻፈ ነገር በስክሪንሾት ወደ ውጭ አይወጣም።
– ማስታወቂያና የገንዘብ እርዳታ ጥያቄ በአድሚን ፈቃድ ብቻ።

ደንቡን ፒን አድርጉት። ከዚያ በላይ የሚጠቅመው ግን ሰው እንደገባ የመጀመሪያው መልእክት ላይ እንዲደርሰው ማድረግ ነው። ፒን የተደረገን ነገር ከፍቶ የሚያነብ ጥቂት ነው።

ደረጃ 4፦ ብቻችሁን አትያዙት

የወላጅ ጥያቄ ሰዓት አይመርጥም። የከፋው የሚመጣው ሌሊት ነው። ቢያንስ አንድ የሚያመሽ፣ አንድ ደግሞ በማለዳ የሚነሳ አድሚን ያስፈልጋችኋል። ሁላችሁም ጓደኛሞች ከሆናችሁ ሁላችሁም አንድ ነገር አታዩም። አባትም ይኑር፣ እናትም ይኑር፤ ልጆቿን አሳድጋ የጨረሰችም ብትኖር ጥሩ ነው። ነገሮች ቶሎ አያስደነግጧትም።

ነርስ ወይም ሐኪም የሆነ አባል ካላችሁ እሰየው። ግን የግሩፑ ሐኪም አታድርጉት። ሥራው ፒን የሚደረጉ መረጃዎችን ማረምና «ይህ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት» ማለት ነው። ሳያይና ሳይመረምር እንዲያክም መጠየቅ እሱንም ልጁንም አደጋ ላይ ይጥላል።

ለአድሚኖች ብቻ የሆነ ትንሽ ግሩፕ ክፈቱ። ሰው ስታስወጡ፣ ኮሜንት ስታጠፉ፣ አንድ መስመር ጻፉበት፦ ማን፣ ምን፣ ለምን። ቴሌግራም የአድሚኖችን ድርጊት ራሱ ይመዘግባል፤ ግን የሚያቆየው ለ48 ሰዓት ያህል ነው። ከወር በኋላ «ለምን አባረራችሁኝ?» የሚል ሰው ሲመጣ የምታገኙት እናንተ የጻፋችሁትን ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ የጤና ጥያቄዎች

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ። የወላጆች ግሩፕ ሰውን የሚያድነውም የሚጎዳውም እዚህ ነው።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው እንበል። አንዲት እናት ጻፈች፦ «ልጄ 7 ሳምንቱ ነው። ሰውነቱ ይፋጃል። ስለካው 38.4 ነው። ምን ልስጠው?»

በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት መልስ መጣ። «ጥርስ ሊያወጣ ይሆናል፣ አትጨነቂ።» «ፓራሲታሞል ሽሮፕ አንድ ማንኪያ ስጪው፣ የኔ ልጅ ወዲያው ነው የተሻለው።» «አፍነሽ አልብሰሽው ነዋ!»

ሦስቱም ክፋት የላቸውም። ሦስቱም አደገኛ ናቸው። ከ3 ወር በታች የሆነ ሕፃን ሙቀቱ 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወዲያውኑ በሐኪም መታየት አለበት። በዚህ ዕድሜ ከባድ ኢንፌክሽን ከትኩሳት ሌላ ምልክት ላያሳይ ይችላል። የአድሚኑ መልስ እንዲህ ይሁን፦

«እህቴ፣ አድሚን ነኝ። በዚህ ዕድሜ 38 እና ከዚያ በላይ ቤት ተቀምጦ የሚጠበቅ አይደለም። እስኪነጋ አትጠብቂ፣ አሁኑኑ ሐኪም ጋ ውሰጂው። መድኃኒት ከራስሽ አትስጪው። አብሮሽ የሚሄድ ሰው አለ?»

የመጨረሻዋን ጥያቄ ልብ በሉ። እናትየው «መሄድ እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ ግን ብቻዬን ነኝ» ልትል ትችላለች። ያኔ ነው ግሩፑ እውነተኛ ጥቅሙ የሚታየው። ከዚያ የመድኃኒቱንና የወቀሳውን ኮሜንት አጥፉ፣ ሌላ ሰው ምክር እንዳይጨምርበት ውይይቱን ዝጉ። በማግስቱ «እንዴት አደራችሁ?» በሏት።

መጠን መጻፍ ለምን ይከለከላል? ፓራሲታሞል ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ያለው አለ። በዚያው 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 250 ሚሊ ግራም ያለውም አለ። አንዷ ቤት ያለው «አንድ ማንኪያ» ሌላዋ ቤት ሲደርስ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። በዚያ ላይ የሚሰጠው በልጁ ክብደት ልክ ነው። ለኔ ልጅ የሠራው ለሷ ልጅ ከልክ ያለፈ ሊሆን ይችላል። ይህን ለአባላት አንድ ጊዜ በደንብ ብታስረዱ ደንቡን ራሳቸው ያስከብሩላችኋል።

ፒን የሚደረግ አንድ አጭር መልእክት አዘጋጁ፤ በጤና ባለሙያ አስነብቡት። ውስጡ የአደጋ ምልክቶች ይኑሩ፦ ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ሰውነቱ ከተንቀጠቀጠና ራሱን ከሳተ፣ ከወትሮው ውጭ ከፈዘዘ ወይም አልነቃ ካለ፣ ለመተንፈስ ከተቸገረ። ከእነዚህ አንዱ ሲታይ ግሩፕ አይጠየቅም፤ ይኬዳል።

ከዚህ በመለስ አድሚን መለየት ያለበት ነገር አለ፦ የትኛው የምርጫ ጉዳይ ነው፣ የትኛው አይደለም? ልጅ በስንት ወሩ ከእናቱ አልጋ ይለይ፣ ጡጦ በስንት ዓመቱ ይተው፣ በዚህ ላይ ሰው እንደፈለገ ይከራከር። ከ1 ዓመት በታች ላለ ልጅ ማር እንደማይሰጥ ግን የአስተያየት ጉዳይ አይደለም። ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለልጅ አስፕሪን አይሰጥም። ሕፃን የሚተኛው በጀርባው ነው። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን የእናት ጡት ወተት ከበቃው ተጨማሪ ውሃ አይፈልግም። እነዚህን የሚቃረን ምክር ሲመጣ «ሁሉም የራሱ አመለካከት አለው» ብላችሁ አትለፉ። አርሙ፣ ምክንያቱን ጻፉ፣ ካስፈለገ አጥፉ።

ክትባት ሲነሳ ሁለት ዓይነት ሰው ትለያላችሁ። አንደኛዋ ፈርታ ነው የምትጠይቀው። እሷን በደግነት መልሱላት። «ይህን እንኳ አታውቂም?» ካላችኋት ሄዳ የሚሰማት ሌላ ቦታ ታገኛለች፤ የሚሰማትም ሰው ምን እንደሚነግራት አታውቁም። የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬ በአብዛኛው የተራባው በ1998 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ከወጣ አንድ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ የተመሠረተው በ12 ልጆች ላይ ነበር። መጽሔቱ በ2010 ጽሑፉን ሰርዞታል፤ ዋና ጸሐፊውም በዚያው ዓመት በብሪታንያ ከሐኪሞች መዝገብ ተሰርዟል። ይህን በሁለት መስመር ብትነግሯት ከመቶ ስድብ ይበልጣል። ሁለተኛው ዓይነት ሰው ግን አይጠይቅም። በየውይይቱ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ይለጥፋል። እሱን አንዴ አስጠንቅቁት፤ ከዚያ አሰናብቱት።

ደረጃ 6፦ ጠብ ሲነሳ

የጠቡ ርዕሶች ይታወቃሉ። ጡት ወይስ ቆርቆሮ ወተት፣ በቀዶ ጥገና ወይስ በምጥ፣ ሥራ የተመለሰች እናት፣ ልጅን መምታት፣ ስልክና ቴሌቪዥን፣ አማት። ሁሉም ጉዳዮች ሰው ስለ ራሱ ያለውን ግምት ይነካሉ። «ልጅሽን ለሰው ጥለሽ ሥራ ሄድሽ?» የምትል አንዲት መስመር ሰባ ኮሜንት ታስከትላለች።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ነው። ምልክቱ ስድብ አይደለም፤ ስድብ ሲመጣ ረፍዷል። ምልክቱ ሰዎች ጠያቂዋን ትተው እርስ በርስ መመላለስ ሲጀምሩ ነው። ያን ጊዜ ግቡና ወደ ጥያቄው መልሱት፦ «ጥያቄው ሥራ መመለስ ልክ ነው ወይ የሚል አይደለም። ልጁ ሲለያት እያለቀሰ ምን ላድርግ ነው ያለችው። በዚህ ላይ ልምድ ያለው ይጻፍ።» ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ያበርደዋል።

ካልበረደ ፍጥነቱን ቀንሱ። ቴሌግራም ላይ ስሎው ሞድ አለ፤ አንድ ሰው በስንት ጊዜ አንዴ መጻፍ እንደሚችል ትወስናላችሁ፣ እስከ 1 ሰዓት ድረስ ይደርሳል። የተናደደ ሰው 5 ደቂቃ ከጠበቀ ሊጽፍ የነበረውን ግማሹን ይተወዋል። ዋትስአፕ ላይ ለጊዜው አድሚን ብቻ እንዲጽፍ ማድረግ፣ ፌስቡክ ላይ በዚያ ፖስት ስር ኮሜንት መዝጋት ይቻላል። ስትዘጉ ለምን እንደዘጋችሁና መቼ እንደምትከፍቱ ጻፉ። ዝም ብሎ የተዘጋ ውይይት በኢንቦክስ ይቀጥላል።

ያጠፋውን ሰው በአደባባይ አትገሥጹ። በውስጥ መስመር ጻፉለት። እንዲህ ብላችሁ፦

«ሰላም ወንድሜ። ኮሜንትህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ችግሩ ሐሳብህ አይደለም፤ የመጨረሻዋ መስመር ጠያቂዋን ትወቅሳለች። መስመሯን አውጥተህ መልሰህ ብትለጥፈው ደስ ይለኛል።»

ይህ መልእክት ሦስት ነገር አለው። ማን እንዳጠፋው፣ የትኛዋ ቃል እንደሆነች፣ መመለሻ መንገዱ። ሰው መመለሻ መንገድ ካገኘ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ካልተመለሰ ለአንድ ቀን እንዳይጽፍ አግዱት፣ ቀጥሎ ለሳምንት፣ ቀጥሎ አስወጡት። ስድብን፣ ማስፈራራትንና በዘር ወይም በሃይማኖት መዝለፍን ግን ደረጃ በደረጃ አትሂዱበት። እሱ በቀጥታ መውጫ ነው።

ጠቡ ካለፈ ከሦስት ቀን በኋላ ረጅም ምክር የሚለጥፍ አድሚን አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። እባካችሁ ተዉት፣ እንደገና ነው የሚቀጣጠለው።

ደረጃ 7፦ ልጁ ነገ ያነበዋል

ልጁ ለዚህ ግሩፕ ፈቃድ አልሰጠም። ዛሬ የ9 ዓመት ልጅ አልጋ ላይ እንደሚሸና በስሙና በፎቶው ከተጻፈ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የክፍል ጓደኛው እናት ስልክ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ፖስት ሲመጣ ይህን አስቡ፦ ልጁ ራሱ ቢያነበው ያፍራል? ካፈረ ስሙና ፎቶው ይውጣ፤ ጥያቄው ይቆይ።

ለከባድ ጥያቄ የስውር መንገድ አዘጋጁ። ፌስቡክ አማራጩ አለው። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ላይ ጠያቂዋ ለአድሚን ትልካለች፤ አድሚኑ የሚያሳውቋትን ነገሮች አውጥቶ «ከአንዲት አባል» ብሎ ይለጥፋል። ከመለጠፉ በፊት ግን ያሳጠረውን ለራሷ መልሶ ያሳያት። «ሦስት ሴት ልጆች ያሏት መምህርት» የሚለው ለእናንተ ምንም ላይመስል ይችላል፤ ለጎረቤቷ ግን ስሟ ማለት ነው። መልሱ ከመጣ በኋላ ዋናውን መልእክት ከስልካችሁ አጥፉት።

ሽፍታና የመሳሰለውን የሚያሳይ ፎቶ ሲመጣ ፊቱ ይቆረጥ። ብልት አካባቢ ከሆነ ለሐኪም እንጂ ለግሩፕ አይሆንም፤ ወዲያው አጥፉና ለወላጁ በደግነት ንገሩት። ሌላም አለ። ቴሌግራም ላይ ፎቶ እንደ ፋይል ሲላክ የተነሳበት ቦታና ሰዓት አብሮ ሊሄድ ይችላል። እንደ ፎቶ መላክ ይሻላል።

ደረጃ 8፦ ከአቅም በላይ የሆኑ መልእክቶች

አንዳንዴ የሚመጣው ጥያቄ አይደለም። «ደክሞኛል፣ እኔ ባልኖር ልጁም ይሻለው ነበር» የሚል መስመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከወለዱ እናቶች 13 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር ያጋጥማቸዋል፤ በአብዛኛው ድብርት ነው። ስለዚህ ግሩፓችሁ 1,000 እናቶች ካሉት ይህ መልእክት አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም።

ሲመጣ «በርቺ፣ ልጅ በረከት ነው» እንዲባልባት አትተዉ። አንድ አድሚን በውስጥ መስመር ያናግራት፣ ሌላው ግሩፑን ይያዝ። በቀጥታ ጠይቋት፦ «ራስሽን ለመጉዳት እያሰብሽ ነው?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባትም። ብዙ ጊዜ ያቀልላታል። አጠገቧ ሊመጣ የሚችል አንድ ሰው ማን እንደሆነ ጠይቁ፣ እሱን እንድትጠራ አድርጉ፣ በአገሯ ያለውን የድንገተኛ እርዳታ ቁጥር ስጧት። ያንን ቁጥር ያን ዕለት አትፈልጉት፤ አባላታችሁ ለሚኖሩበት አገር ሁሉ አስቀድማችሁ ያዙ። እናንተ ሐኪም አይደላችሁም። ሥራችሁ ወደ ሰው እጅ ማድረስ ነው።

ቤት ውስጥ ስለሚደርስባት ድብደባ የጻፈች ሴት ከሆነች የመጀመሪያው ጥያቄ «እዚህ ብጽፍልሽ ለአንቺ አደጋ የለውም?» ይሁን። ስልኳን ሌላ ሰው ሊከፍተው ይችላል። ባሏም የግሩፑ አባል ሊሆን ይችላል። በአደባባይ «ጥለሽው ውጪ» የሚሉትን ኮሜንቶች አውርዱ። መውጫው ጊዜ በጣም አደገኛው ጊዜ ሊሆን ስለሚችል፣ ያለ ዝግጅት መገፋፋት ዋጋ ያስከፍላል። ይህን ሥራ የሚያውቁ ድርጅቶች ጋ አገናኟት።

በልጅ ላይ የተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት የሚያሳይ ምስል ግሩፑ ውስጥ ከተለጠፈ ለማንም አታስተላልፉት፣ ስክሪንሾት አታንሱት፣ ለሌሎቹ አድሚኖች እንኳ አትላኩት። ለማስረጃ ብሎ መያዝም በብዙ አገር ወንጀል ነው። የላኪውን አካውንትና ሰዓቱን በጽሑፍ መዝግቡ፣ ለመድረኩ ሪፖርት አድርጉ፣ ለፖሊስ አሳውቁ፣ አጥፉት፣ ሰውየውን አስወጡ።

ደረጃ 9፦ ሻጭ፣ ለማኝ፣ ከሳሽ

ለሻጮች በሳምንት አንድ ቀን ስጡ ወይም ጨርሶ ከልክሉ። መሃል ቤት የሆነው አይሠራም። የሕፃናት ወተት ማስታወቂያ ግን በየትኛውም ቀን አይግባ። የዓለም ጤና ጉባኤ በ1981 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የእናት ጡት ወተት ተኪ ምርቶች የገበያ ደንብ ለሕዝብ ማስተዋወቅንም፣ የኩባንያ ሠራተኛ እናቶችን በቀጥታ መቅረብንም ይቃወማል። «ነፃ ናሙና አለኝ» የሚል ኢንቦክስ ደረሰኝ የምትል እናት ካለች ላኪውን ፈልጉ። ቆርቆሮ ወተት የምታጠባን እናት ግን በዚህ ሰበብ ማንም አይንካት፤ ደንቡ ለሻጭ ነው።

የታመመ ልጅ ፎቶ ይዞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሲመጣ ፎቶውን በኢንተርኔት የምስል ፍለጋ አስፈትሹት። ከሌላ ቦታ የተወሰደ ሆኖ የሚገኘው ጥቂት አይደለም። እውነተኛ ከሆነም ክፍያው ቢቻል በቀጥታ ለሚታከምበት ተቋም ይሁን።

ሐኪምን፣ መምህርን ወይም ትምህርት ቤትን በስም ጠርቶ የሚከስ ፖስት ሲመጣ ተጠንቀቁ። የብሪታንያው የወላጆች መድረክ ማምስኔት አባላቱ ስለ አንዲት የአስተዳደግ መጻሕፍት ጸሐፊ በጻፉት ነገር ምክንያት በ2006 እ.ኤ.አ. የስም ማጥፋት ክርክር ውስጥ ገብቶ ነበር፤ በ2007 ይቅርታ ጠይቆና ከሕግ ወጪዋ የተወሰነውን ሸፍኖ ነው የጨረሰው። «የደረሰብኝ ይህ ነው» የሚል ትረካ ያለ ስም ይቆይ። «እገሌ ሌባ ነው» የሚለው ይውረድ።

ደረጃ 10፦ እናንተም ሰው ናችሁ

ሌሊት የሚመጣውን ሁሉ የሚያነብ አድሚን ውሎ አድሮ ይዝላል። ምልክቱ ንዴት ነው፤ ተራ ጥያቄ ሲያናድዳችሁ ፈረቃ ቀይሩ። ከባድ መልእክት ያስተናገደ አድሚን ለቀጣዮቹ ቀናት ከግሩፑ ይረፍ። የኖቲፊኬሽን ድምፅ ተረኛ ለሆነ ሰው ብቻ ይብራ። በውስጥ መስመር ቀን ከሌሊት የሚጽፉላችሁ አባላት ካሉ «ጥያቄሽን ግሩፑ ላይ አድርጊው፣ ብዙ ሰው ይመልስልሻል» ብሎ መመለስ ነውር የለውም።

ግሩፑን የከፈተው ሰው ስልኩን ቢያጣ ወይም ቢሰለቸው ማን እንደሚይዘው ዛሬውኑ ተነጋገሩ። ዋትስአፕ ላይ ከአንድ በላይ አድሚን ከሾማችሁ ይበቃል። ፌስቡክ ላይም እንዲሁ ሁለተኛ ሙሉ አድሚን ይኑር። ቴሌግራም ላይ ግን ባለቤቱ አንድ ነው። ባለቤትነቱን ለሌላ ለማዛወር በባለቤቱ አካውንት ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫው (ከስልክ ኮዱ በተጨማሪ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው) ከበራ ቢያንስ 7 ቀን ሊሞላው ይገባል። ዛሬ ካልበራ፣ በቸኮላችሁበት ቀን አይሠራላችሁም። ሴቲንግስ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ የሚለው ስር ታገኙታላችሁ።